ጉና ሥር የራስ ቅል አያስፈራም

ቅዳሜ፣ ከጠዋቱ አሥራ ሁለት ሰዓት፣ ባሕር ዳር

ምን ልደብቃችሁ፣ ይህን ጉዞ የጀመርኩት ለጉራ ነው። ሙያዬ ግራፊክ ዲዛይን ነው፤ አርማ፣ ማሸጊያ፣ ማስታወቂያ እሠራለሁ። ባለፈው ክረምት ጉና ሥር ያሉ ገበሬዎች ማኅበር የስንዴ ዘር ጆንያ እንድሠራለት አዘዘኝ። ዘሩ መድኃኒት የተለወሰ ስለሆነ ይዘራል እንጂ አይበላም። ጆንያው ባዶ ከሆነም በኋላ እህል አይያዝበትም። ከአባላቱ ብዙዎቹ ፊደል ያልቆጠሩ ስለሆኑ ይህን ሁሉ በሥዕል መናገር ነበረብኝ።

እኔም በቀይ ክብ ውስጥ የራስ ቅልና ሁለት የተጣመሩ አጥንቶች አስቀመጥኩ። ዓለም በሙሉ የሚያውቀው የመርዝ ምልክት! ለሙከራ አሥር ጆንያ ታትሞ ዘር ተሞልቶበት ታደለ። አሁን የቀረው የብዙ ሺው ኅትመት ነው፤ ማተሚያ ቤቱ ሰኞ ጠዋት ይጀምራል። ከዚያ በፊት ጆንያዬን ገበሬ ቤት ውስጥ ፎቶ አንስቼ ቢሮዬ ግድግዳ ላይ ልሰቅለው አሰብኩ።

መንገዱ ክፍት መሆኑን ማታውን ደውዬ አጣርቻለሁ። ሚኒባሱ ሦስት መቶ ብር ተቀብሎን ተነሣ። ሐሙሲት ላይ ለሻይ ቆምን። ወረታ ስንደርስ የጎንደሩን አስፋልት ትተን ወደ ቀኝ ታጠፍን። የሙያ ነገር ሆኖብኝ መንገድ ላይ ዓይኔ የሚያርፈው ምልክት ላይ ነው። አንድ ጎሚስታ በር ላይ ነጭ የተቀባ አሮጌ ጎማ ተንጠልጥሏል፤ ጽሑፍ የለውም። ለሾፌሩ፣ «ይሄ ሰውዬ ታፔላ እንኳ ማሠራት አቃተው?» አልኩት።

«ጎማው እየተናገረ ታፔላ ምን ያደርግለታል?» አለና ሳቀብኝ። እኔም አብሬ ሳቅሁ፤ ነገሩን ግን ልብ አላልኩትም።

የዓለም ሳጋን ጫካ ስናልፍ አየሩ ቀዘቀዘ፤ መስኮት መዝጋት ተጀመረ። ደብረ ታቦር የደረስነው ምሳ ሳይደርስ ነው። ያደግሁባት ከተማ ናት። ዳገቷን በእግሬ ወጥቼ፣ ጥሩ ሽሮ በልቼ፣ አክስቴ ቤት አደርኩ። ለአክስቴም ስለ ጆንያዬ አወራሁ። ለማን ያላወራሁት አለ!

እሑድ ረፋድ፣ ከጋሳይ ወደ ላይ

በጠዋት ጋሳይ ስወርድ የማኅበሩ ሊቀ መንበር አያ ደሴ ቆመው ይጠብቁኝ ነበር። ረጅም፣ ቀጭን፣ በነገር የማይቸኩሉ ሰው ናቸው። የለበስኳትን ስስ ጃኬት አይተው፣ «ይችን ለብሰሽ ነው ጉና የምትወጪው?» አሉና ባናቸውን ከትከሻቸው አውርደው ደረቡልኝ። ከባድ የበግ ጠጉር ነው። አንድ ሰዓት ተኩል ሽቅብ ተጓዝን። የግንቦት እርሻ ተገላብጦ ዝናብ ይጠብቃል፤ በየመስኩ በግ ነው፤ ከላይ፣ ጉም ገለጥ ሲል፣ ጅብራ የሚባለው ረጅም የደጋ ተክል ተሰልፎ ይታያል። እያለከለክሁ ጆንያው እንዴት እንደሆነ ጠየቅኋቸው።

«ሰው ወዶታል» አሉ። «እትዬ ጥሩዬማ እስካሁን አልጣሉትም።»

እውነቱን ልናገር፣ ደስታ እንጂ ሌላ ስሜት አልመጣብኝም። የመርዝ ጆንያ ለምን ይወደዳል ብዬ ለመጠየቅ እንኳ አልበቃሁም። ካሜራዬን አዘጋጀሁ።

እትዬ ጥሩዬ ከቅዳሴ ገና መመለሳቸው ነው። ስልሳ የዘለሉ፣ ባላቸው የሞቱባቸው፣ ማሳቸውን በእኩል የሚያሳርሱ እናት ናቸው። አጎንብሼ ሰላም አልኳቸው። የተቀቀለ ድንች በአዋዜ አቀረቡልን፤ ድንቹ ከእሳት እንደወጣ ነው፤ እጅ ያቃጥላል። ሁለተኛውን ልልጥ ስል ነው ከበሩ ጀርባ ጆንያዬን ያየሁት። ቀዩ ክብ፣ የራስ ቅሉ፣ አጥንቶቹ። እስከ አፉ ሞልቷል፤ ተሰፍቷል።

«እትዬ፣ ምን አለበት?»

«መገበሪያ ነዋ! ለቁርባኑ የሚሆን ስንዴ። ነገ ሚካኤል አይደል? ማታ ኅብስቱ ወደሚጋገርበት ወደ ቤተ ልሔሙ ሊወስዱልኝ ነው። ልጄ በሰላም ከተገላገለች ብዬ የተሳልኩት ነው፤ ተገላገለችልኝ። አንድ አንዷን ፍሬ በእጄ ነው የለቀምኳት።»

ድንቹን ትቼ ወደ ጆንያው ሄድኩ።

«ይህን ጆንያ ለምን መረጡት?» አልኳቸው።

«እንዴ! የአዳም ራስ ያለበት እኮ ነው!» ተነሥተው የራስ ቅሉን በመዳፋቸው ዳበስ አደረጉት። «ከስቅለቱ ሥዕል ሥር አይተሽ አታውቂም? የጌታ ደም የፈሰሰበት። በቀይ መከበቡንስ አየሽው? እንዲህ ያለውን ለራሴ እህል አላደርገውም ብዬ፣ ሦስት ጊዜ አጥቤ አስቀመጥኩት። ዘሩን እንዳልበላ ነግረውኛል፤ አልበላሁም። ጆንያው ግን የቤተ ክርስቲያን ነው።»

በልጅነቴ ያ ሥዕል ፊት ስንት ጊዜ ቆሜያለሁ! ከመስቀሉ ግርጌ ያቺ የራስ ቅል ነበረች። እዚህ አገር የራስ ቅል ሞት አይደለም፤ የመዳን ተስፋ ነው። እኔ ከስክሪን የቀዳሁትን አምጥቼ፣ ደብሩ በሙሉ ሊቆርብበት በነበረው ስንዴ ላይ ለጠፍኩት።

መናገር ነበረብኝ፤ ተናገርኩ። መድኃኒቱ በማጠብ እንደማይለቅ፣ ይህ ስንዴ ለሰውም ለከብትም እንደማይሰጥ፣ መቀበር እንዳለበት። አያ ደሴ ራሳቸውን ያዙ፤ «የዘሩን ነገር አስረድቻለሁ፤ የጆንያውን ግን ሥዕሉ ይናገራል ብዬ ተውኩት» አሉ። እትዬ ጥሩዬ ግን አልጮሁም። ጆንያውን አይተው፣ እኔን አይተው፣ ቀስ ብለው፣

«ታዲያ ልጄ፣ የአዳምን ራስ ለምን ሣልሽበት?» አሉኝ።

እንባዬ መጣ፤ አለቀስኩ። እሳቸው ናቸው ደግሞ በነጠላቸው ጫፍ የጠረጉልኝ።

እሑድ፣ ከሰዓት በኋላ

ስልክ የሚሠራው ከቤቱ በላይ ካለው ጉብታ ነው። ሮጬ ወጥቼ ወደ ማተሚያ ቤቱ ደወልኩ። «ነገ አንዳችም ጆንያ እንዳታትሙ!» ስል ሰውየው፣ «እኅቴ፣ ምን ሆንሽ? ቆንጆ ሥራ እኮ ነው» አለኝ። አዎ፣ ቆንጆ ነበር። አያ ደሴ በበኩላቸው ሌሎቹን ዘጠኝ ጆንያዎች እንዲሰበስቡ ሰው ላኩ። ከዚያ ከእሳቸው ጋር ጓሮ ጉድጓድ ቆፍረን ያን የመሰለ ስንዴ ከነጆንያው ቀበርነው።

ስንመለስ እትዬ ጥሩዬ ከጎተራቸው ሌላ ስንዴ ቀድተው፣ ሰፌድ ጭናቸው ላይ አድርገው መልቀም ጀምረዋል። እኔም ሌላ ሰፌድ ይዤ አጠገባቸው ተቀመጥኩ። «ጠጠሯን ብቻ አይደለም፤ የተሰበረችውንም አውጫት» እያሉ አረሙኝ።

አያ ደሴ ደግሞ የደብሩን ሠዓሊ ጠርተው መጡ። መሪጌታ ሐዲስ ይባላሉ፤ ጥፍራቸው ሥር ቀለም ያለባቸው፣ ነገር የሚያውቁ ቀልደኛ ሽማግሌ ናቸው። የሆነውን ሁሉ ነገርኳቸው።

«አባቴ፣ ታዲያ ክፉ ነገርን በምን ላሳይ? ቀዩን ልተወው?»

«ቀይማ የሰማዕታት ነው፤ የክብር ነው።»

«ቢጫስ?»

«ቢጫ? የጻድቃንን አክሊል ልትለጥፊበት ነዋ!» ሳቁ። «ልጄ፣ ቤተ ክርስቲያን ስትገቢ ቅዱሳኑ እንዴት ያዩሻል?»

«ፊት ለፊት። በሁለት ዓይናቸው።»

«ሰይጣንስ? ጌታን የሚገርፉትስ?»

በጎን! ክፉ ሰው የሚሣለው በጎን ነው፤ የሚታየው አንድ ዓይኑ ብቻ ነው። ይህን ሕግ ልጅ ሳለሁ ማንም ሳያስተምረኝ አውቀው ነበር። መሪጌታ ከምድጃው ከሰል አንሥተው፣ አያ ደሴ ባመጡት ንጹሕ ጆንያ ላይ በጎኑ የዞረ ጥቁር ፊት ሣሉ፤ አንድ የፈጠጠ ዓይን፣ የተከፈተ አፍ፣ ወደ አፉ የቀረበ የስንዴ ዘለላ። ሌላ ቀለም የለውም።

እኔ ደግሞ ከአሁን ወዲያ ሳልጠይቅ አላምንም። ጆንያውን አንሥቼ ምንም ሳልናገር ወደ እትዬ ጥሩዬ አስጠጋሁት።

«በስመ አብ!» ሰፌዳቸውን በሁለት እጃቸው ሸሸጉ። «ወዲያ በይው! ከእህሌ አጠገብ እንዳታደርሺብኝ!»

መሪጌታ በሳቅ ፈረሱ። እኔ ግን ኩራት ነው የተሰማኝ፤ ኩራቴ በሥዕሉ አልነበረም፤ በእትዬ ጥሩዬ ነው። እኚህ ሴት ፊደል አልቆጠሩም እንጂ ማንበብ ያውቃሉ። ቀለሙን ያነባሉ፣ ፊቱ የዞረበትን ያነባሉ፣ የዓይኑን ቁጥር ያነባሉ። እኔ በየስብሰባው «የእይታ ቋንቋ» እያልኩ የምደሰኩረውን፣ አገሬ ግድግዳ ላይ ጽፋ ስታስነብብ ኖራለች። እኔም ከዚህ ሕዝብ ነው የወጣሁት፤ እሰይ!

ፀሐይ ልትጠልቅ ስትል ስንዴው ተለቅሞ አለቀ። በንጹሕ ስልቻ ሆኖ ወደ ቤተ ልሔሙ ሲሄድ፣ እትዬ ጥሩዬ እስኪያልፍ ድረስ ደጃቸው ላይ ቆመው ሸኙት።

ሰኞ፣ መልስ

ሚካኤልን ስሜ ከረፋዱ ተነሣሁ። ባናውን ልመልስ ብል አያ ደሴ «ለብሰሽው ግቢ፤ ጆንያውን ስታመጪ ትመልሽዋለሽ» አሉኝ። በወረታ መንገድ ያ ነጭ ጎማ እንደተንጠለጠለ ነው፤ በዚህኛው ጉዞ ግን አነበብኩት። ባሕር ዳር ስገባ ሙቀቱ ተቀበለኝ፤ ባናውን ክንዴ ላይ ይዤ ቢሮዬ ደረስኩ። የመሪጌታን የከሰል ሥዕል ኮምፒውተር ላይ አስገባሁ። መስመሩን ላስተካክል፣ ላሳምር ሞከርኩ፤ በነካካሁት ቁጥር ፊቱ ደግ እየሆነ አስቸገረኝ። እሳቸው እንደሣሉት ተውኩት።

ምልክትን ምልክት የሚያደርገው የሚያየው ሰው ነው፤ እኔ የማደርገው ሰውየው የሚያውቀውን ማስታወስ ነው። ይህን ለመማር ጉና ድረስ መውጣት ነበረብኝ። አሁን ማንኛውንም ሥራ ከማስረከቤ በፊት ለሚገለገልበት ሰው አሳይቼ፣ አፌን ዘግቼ እጠብቃለሁ።

ጆንያዎቹ ታትመው ከሄዱ በኋላ አያ ደሴ ከዚያች ጉብታ ላይ ደወሉልኝና ስልኩን ለእትዬ ጥሩዬ ሰጡ።

«ዘሩ ደረሰኝ፤ እግዜር ይስጥልኝ» አሉ። «ዘርቼ ጨርሻለሁ። ያንን ጆንያሽን ግን ይቅርታ አድርጊልኝ፤ ቤቴ አላስገባሁትም። ደጅ አሳድሬ፣ ዘሩን እንደጨረስኩ በእንጨት ገፍቼ እሳት ውስጥ ጨመርኩት።»

ስልኩን ዘግቼ እየሳቅሁ አለቀስኩ። ግድግዳዬ ላይ ለፎቶ ያዘጋጀሁት ቦታ እስካሁን ባዶ ነው፤ ለሚጠይቀኝ ሁሉ፣ ያ የምኮራበት ሥራ ጉና ሥር ተቃጥሏል እላለሁ።