ጋሼ እንዲያዩት

ጎረቤቱ ሁሉ ጉንዳኗ ይላታል። ከጥፍሯ ያነሰ ነገር ይዛ ስትታገል ስለምትውል ነው፤ ቅጽል ስሙም ደስ ሳይላት አልቀረም። ሰዓት ጠጋኝ ናት። ጠዋት ጠዋት የሰው ሰዓት ትጠግናለች፤ ከምሳ በኋላ በሯን ገርበብ አድርጋ የራሷን የሰዓት ሞተር ትሠራለች። ትሠራለች ሲባል ገዝታ ትገጣጥማለች ማለት አይደለም። ጥርሱንም፣ ብሎኑንም፣ ከሰሊጥ ያነሰችውን ቅንጣት ሁሉ ከጥሬ ብረት በሞረድ እየቀረጸች ነው። ዘጠኝ ዓመት ፈጅቶባታል።

ይህን ሁሉ የምትለፋው ለአንድ ሰው ዓይን ነው። ሙያውን ያስተማሯት ሽማግሌ፣ ጋሼ የምትላቸው፣ የማንንም ሥራ አመስግነው አያውቁም። ሃያ ዓመት ሙሉ የወሰደችላቸውን ሁሉ፣ ማጉያ መነጽራቸውን ዓይናቸው ላይ ሰክተው ያገላብጡና «እዚች ጋ ተንሻፏል» ብለው ይመልሱላታል። ክፋቱ ደግሞ ሁልጊዜም እውነታቸውን ነው። እሷም እኚህ ሰው ጥፋት የማያወጡለት ነገር ሳልሠራ አልሞትም ብላ ምላ ነበር።

አንድ ቀን የጋሼ ልጅ ደወለችላት።

«የአባባ ዓይን እየሄደ ነው። ሐኪሙ ከሁለት ወር አያልፍም ብሏል። የምታሳዪው ነገር ካለ ቶሎ በይ።»

ሞተሩ ያኔ አልቆ ነበር እኮ! ይሠራል፣ ምቱም ልክ ነው። በማግስቱ ይዛ ብትሄድ ምን ነበረበት? እሷ ግን ለመጨረሻ ጊዜ ልየው ብላ ፈታችው። ጥርሶቹን ከላይ በሚይዘው፣ ድልድይ በሚሉት ብረት ስር፣ ውስጠኛው ማዕዘን ላይ፣ በማጉያ ካልሆነ የማትታይ ቀጭን ጭረት አገኘች። ማሽን የማይደርስበት ቦታ ነው፤ በተሾለ እንጨትና በመወልወያ ዱቄት ቀስ እያሉ ካልሆነ አይለቅም።

«ሲገጠም የሚሸፈን ቦታ! ማን ሊያየው ነው?» አላት ባሏ።

«ጋሼ ያዩታል።»

«አንቺ ሴትዮ፣ የሰውየው ዓይን አይጠብቅሽም!»

«ጭረት ይዤ ከምሄድማ ሞቴን እመርጣለሁ።»

ጭረቷ ስትለቅ ማዕዘኑ ዶለዶመ። ማዕዘኑን ስታሾል ጎኑ ሳሳ። በመጨረሻ ድልድዩን እንዳለ ጥላ ከጥሬ ብረት እንደገና ጀመረች። ስትቸኩል ይበላሽባታል፣ ስትረጋጋ ቀኑ ይሄድባታል። እህል አስጠላት። አንድ ከሰዓት ወረንጦዋን ወርውራ ጭንቅላቷን ያዘችና «አምላኬ፣ የእኚህን ሰው ዓይን ትንሽ አቆይልኝ» እያለች ስቅስቅ ብላ አለቀሰች። ባሏም ከዚያ ወዲያ አልተከራከራትም።

በሰባተኛው ሳምንት ጨረሰች። ሞተሩን ሞልታ ትንሽ የቆርቆሮ ሳጥን ውስጥ አስቀመጠች፤ አቧራ እንዳይነካው ነጭ ጨርቅ ደረበችበትና እየሮጠች ሄደች።

ጋሼ መስኮቱ ስር ተቀምጠዋል። ማጉያቸውን ገና ሳትገባ ሰክተው ጠብቀዋታል። ልጃቸው በሩ ላይ ቆማለች።

«መጣሽ? በይ ወዲህ በይው» አሉና ሳጥኑን ተቀበሏት። ክዳኑን ከፈቱ። እሷ ጨርቁን ላንሳ ብላ እጇን ስትሰድ፣ እሳቸው ጎንበስ ብለው ማየት ጀምረዋል። ሳጥኑን ወደ ብርሃኑ ዘወር አደረጉት፤ ቀረብ፣ ራቅ አደረጉት።

«ማዕዘኖቹ ምላጭ ናቸው» አሉ። «ብረቱ ደግሞ መስተዋት! እንዲህ ያለ ሥራ አይቼ አላውቅም።»

ጨርቁ እንደተደረበ ነው። እጇ አየር ላይ ቀረ። ወደ ልጃቸው ዞር ስትል ልጅቱ ፊቷን ወደ ግድግዳው መለሰች። የጨለመባቸው መቼ ይሆን? ትናንት? ምነው ያኔ እንደተደወለላት ይዛው በመጣች ኖሮ! ያን ሁሉ ሳምንት ለአንዲት ጭረት ማጥፋቷ አንጀቷን አቃጠላት፤ ራሷን በጥፊ ብትመታ ደስ ባላት።

«ጋሼ» አለች፣ «እስቲ በደንብ ይዩልኝ። የሆነ ቦታ አይታጣም። አንድ ጥፋት... አንዲት ብቻ ያውጡልኝ።»

ሽማግሌው ሳጥኑን አንዴ ወደ ቀኝ፣ አንዴ ወደ ግራ አዘነበሉት። ጨርቁን ትክ ብለው አዩት።

«እንከን አይወጣለትም ልጄ» አሏት። «እጅሽ ይባረክ።»