በጨለማ ብቻዋን የምትሠራው ሞተር

ንፋስ መውጫ ላይ ከመሸ በኋላ ግቢ ውስጥ መቆም ከቀረ ቆይቷል። ሰዓት እላፊው ሳይደርስ ሁሉም በሩን ይዘጋል። ሽንት ቤት የሚወጣ ሰው እንኳ ቀድሞ ጮክ ብሎ ይስላል፤ እኔ ነኝ፣ የቤቱ ሰው ነኝ ለማለት ነው። እንዲህ ባለ ጊዜ ሰማይ ፎቶ አነሳለሁ ብሎ የሚወጣ ጤነኛ ሰው የለም። እኔ ግን እወጣ ነበር።

ኑሮዬ የኮምፒውተርና የፎቶ ኮፒ ሱቅ ነው። ቴሌስኮፑን ያገኘሁት ነገር እንዲህ ሳይከፋ፣ አዲስ አበባ የነበረ ወዳጄ አገር ሲለቅ ትቶልኝ ነው። ክንድ የሚያህል ነጭ ቱቦ ነው፤ በሦስት እግር ላይ ይቆምና ከኋላው ካሜራ ይገጠምለታል። ያነሳውን ፎቶ ላፕቶፕ ላይ እያየሁ ስንት ክረምት አልፎ በጋ እስኪመጣ እንደናፈቅሁ እኔ ነኝ የማውቀው።

ችግሩ ፎከሱ ነበር። እኛ አገር ፀሐይ ስትገባ ብርዱ ወዲያው ይወርዳል። ቱቦው ሲቀዘቅዝ ይኮማተራል፤ ጥርት ብሎ የነበረው ኮከብ ያብጥና ውኃ ላይ የተንሳፈፈ የዘይት ጠብታ ይመስላል። ስለዚህ በየጊዜው ደጅ እየወጣሁ የፎከሱን መዞሪያ በጣቴ ትንሽ ትንሽ ማዞር ነበረብኝ።

አንድ ምሽት እጄ ደንዝዞ ስገባ ባለቤቴን በሩ ሥር ቁጭ ብላ አገኘኋት። አልተቆጣችም፤ ብትቆጣ ይሻለኝ ነበር።

"ከመንገድ የሚያይህ ሰው ምን ያነገብህ ይመስለዋል?" አለችኝ። "አንድ ቀን ሬሳህን ከደጅ ላነሣ ነው? ወይ እቤት ተቀምጠህ የምታዝዘው አድርገው፣ ወይ ለሚፈልገው ሰው ስጠው።"

ማታ ደጅ ላልወጣ ቃል ገባሁላት። በማግሥቱ ሱቅ ውስጥ ከተጣለ ፕሪንተር ሞተሯንና ጥርስ ያለውን ቀጭን ቺንግያ ፈታሁ። ሞተሯን ከቴሌስኮፑ መዞሪያ ጋር በቺንግያው አገናኘኋት፤ ላፕቶፑ የሚያዝዝበትን ትንሽ ቦርድም በስታኞ በየድሁ። አሠራሩ ቀላል ነው። ፕሮግራሙ ሞተሯን ጥቂት በጥቂት ያስኬዳል፤ በቆመችበት ሁሉ ፎቶ አንስቶ የኮከቡን ስፋት ይለካል፤ መጨረሻ ላይ ኮከቡ ከሁሉም ያነሰበት ቦታ ላይ ይመልሳታል። ያስቸገረኝ ቺንግያው ነው። ሞተሯ አቅጣጫ ስትለውጥ ቺንግያው ስለሚላላ እሷ ትዞራለች፣ ቱቦው ግን ንቅንቅ አይልም። ብዙ ከተራገምሁ በኋላ ሁልጊዜ ከአንድ ወገን እንድትመጣ አደረግኋት፤ ከቦታው ወደ ኋላ አለፍ ብላ ሄዳ ትመለሳለች።

አሁን መሞከሪያ ያስፈልገኝ ነበር፤ ሩቅ ያለች ትንሽ ብሩህ ነጥብ። ማታ እንዳልወጣ ቃል ገብቻለሁ። ታዲያ እሑድ ጠዋት ከግቢያችን ቀና ስል የቤተ ክርስቲያኑን ጉልላት አየሁ። በመስቀሉ ጫፎች ላይ ያሉት የሰጎን እንቁላሎች ፀሐይ ስታርፍባቸው እያንዳንዳቸው አንዳንድ የብርሃን ነጥብ ይይዛሉ። ከዚህ የተሻለ የቀን ኮከብ ከየት ይመጣል ብዬ ቱቦውን ወደዚያው አዞርሁት። ሞተሯ ስትሄድ፣ ነጥቧ ስታንስ፣ ስታንስ አይቼ ደስታዬ ወሰን አልነበረውም። መንገዱን ቀና ብዬ አላየሁም። ከቅዳሴ ለሚመለሰው ሰው ግን እኔ በነጭ ቱቦ ቤተ ክርስቲያን ላይ አነጣጥሬ ሽቦ የምቀጣጥል ሰው ነበርሁ።

ጥቂት ቆይቶ ጎረቤታችን መሪጌታ መጡ። ቤተ ልሔም ደብር ሄደው ድጓ ያስመሰከሩ፣ ሰው በከንቱ የማይናገሩ ሽማግሌ ናቸው።

"ይኸን ነገር ወደ ጉልላቱ ማዞርህ ስለ ምንድን ነው?" አሉኝ።

"እንቁላሉ ላይ ያለው ብርሃን ኮከብ ስለሚመስል ነው፣ የኔታ። ለመሞከሪያ ነው። ይዩት።"

ጎንበስ ብለው ላፕቶፑን ረጅም ጊዜ አዩ።

"እኔስ አየሁት። ያላየው ነው ብዙ። ከቅዳሴ የወጣው ሕዝብ ዛሬ የሚያወራው ይኸን ነው፤ ለማን እንደሚያወራው ግን አላውቅም። አስገባው፣ ልጄ።"

አስገባሁት። ወሬው ግን አልገባም። ሱቄ የሚመጡ ሰዎች ጉዳያቸውን ጨርሰው ሳይቀመጡ መሄድ ጀመሩ። አንድ ቀን የማላውቀው ሰው መጥቶ ወረቀት ኮፒ እንዳደርግለት ሰጠኝ። ድምፁ ጨዋ ነበር።

"ቱቦህ እስከ ወገዳ ከተማ ድረስ ያያል ይባላል። እውነት ነው?"

"እሱ የሚያየው ወደ ላይ ነው" አልሁት።

"ወደ ላይ ብቻ?" አለና ኮፒውን ሳይወስድ ወጣ።

ማታ ለባለቤቴ ነገርኋት። ብዙ ካሰበች በኋላ፣ "ነገ አይተኸው ይውጣልህ፤ በማግሥቱ ይታሸግና ከዚህ ቤት ይወጣል" አለች። ግትርነቴን ታውቀዋለች። እኔም ሞተሯ በእውነተኛ ኮከብ ላይ ስትሠራ ሳላይ መተው አልሆነልኝም።

በማግሥቱ ብርሃን ሳያልቅ ቴሌስኮፑን ግቢው መሐል ተክዬ ሽቦውን በበሩ ሥር አስገባሁ። ከመሸ በኋላ በሩን ቀርቅረን ላፕቶፑ ፊት ጎን ለጎን ተቀመጥን። መብራት ከጠፋ ቀናት ሆኖታል፤ ላፕቶፑን በሱቁ ጄኔሬተር ሞልቼ አምጥቻለሁ፤ በቤቱ ውስጥ የሚያበራው የላፕቶፑ ስክሪን ብቻ ነው። ሞተሯን አዘዝኋት። ከደጅ ሲር ስትል ተሰማች፤ ያበጠው ኮከብ ከፎቶ ፎቶ እየሟሸሸ የመርፌ ጫፍ አከለ። ጎኔን ብርድ ሳይነካው ኮከብ ጠራልኝ። ባለቤቴ ሳትወድ ፈገግ አለች።

"በቃ፣ ይኸው ነው?"

"ይኸው ነው" አልኋት።

የሚቀጥለው ፎቶ ላይ ኮከቦቹ ሁሉ ወደ አንድ ወገን ተጎትተው መሥመር ሆኑ። ከዚያ ፎቶው ጥቁር ሆነ። ፕሮግራሙ ኮከብ አልተገኘም ብሎ ጻፈና ፍለጋ ጀመረ፤ ሞተሯ ካሜራውን ከቱቦው ወደ ውጭ አወጣች፣ ወደ ውስጥ አስገባች። ነፋስ ጥሎት ይሆናል ብዬ ብድግ ስል ባለቤቴ ክንዴን ያዘችኝ።

"ተቀመጥ። ነፋስ የለም።"

እውነቷን ነው፤ አልነበረም። ፈራሁ። ተመልሼ ተቀመጥሁ።

ከዚያ ስክሪኑ ላይ ድፍን ያለ ትልቅ ብርሃን መጣ። ፕሮግራሙ ኮከብ መስሎት ሞተሯን ወደ ውጭ ያስኬዳት ጀመር። ካሜራው ወደ ውጭ በወጣ ቁጥር የሚታየው ነገር ቅርብ ነው ማለት ነው። ሄደች፤ ለሰማይ ከሚያስፈልገው አለፈች፤ ለጉልላቱ ከሚያስፈልገውም አለፈች። ላስቆማት እችል ነበር፤ አላስቆምኋትም። ብርሃኑ እያነሰ ጥርት አለ፣ በዙሪያው የሳንቃ ጭረት ታየ። የራሳችን መስኮት ነበር። በሳንቃው ላይ ያለችው የጉጥ ቀዳዳ የስክሪናችንን ብርሃን ወደ ደጅ ታወጣለች። አንድ ሰው ቱቦውን በእጁ ይዞ ወደ እኛ አዙሮታል።

ባለቤቴ ድምፅ ሳታሰማ ተነሣችና ቀዳዳዋን በጀርባዋ ጋረደቻት። የሚቀጥለው ፎቶ ጥቁር ሆኖ መጣ። ደጅ የቆመውም ሰው ብርሃኑ ሲጠፋ አይቷል።