የአባባ አብዱልጀሊል እጅ

አሚና የቀራትን ሦስት ጣሳ ጤፍ በቅል ይዛ ማሳዋ ጥግ ቆማለች። በሐምሌ መጀመሪያ የተዘራው ብቅ ብሎ ሳለ ዝናቡ አሥራ ስምንት ቀን ጠፍቶ አረረባት። ትናንት ከሰዓት ጣለ። ዛሬ ጭቃው ላይ ካልተበተነ ነገ ፀሐይ ፊቱን ታደርቀዋለች። ይህም ካልበቀለ የቀራት ቤቷን ዘግታ መርሳ ከተማ መናኸሪያ እጅ መዘርጋት ነው። ባሏ ሞቷል። ወንዱ ልጇ በጅቡቲ በኩል ከወጣ ድምፁ ጠፍቷል፤ ሴቷም አረብ አገር ከገባች ወሬዋ የለም።

ማሳው ላይ ያሉት አባባ አብዱልጀሊል ዘር በታኝ ናቸው። አርባ ዓመት ሙሉ የአካባቢው ገበሬ ለጤፍ እርሳቸውን ይጠራ ነበር። ጤፍ ደቃቅ ነው፤ ከእጅ ያመልጣል። እርሳቸው ግን ከደረቅ አሸዋ ጋር ቀላቅለው፣ ነፋስ ሳይነሳ፣ እግርና እጃቸውን አስማምተው ሲበትኑት እንደ ካፊያ ይወርዳል።

ዛሬም ቅሉን ከአሚና ተቀብለው «ቢስሚላህ» ብለው ጀመሩ። አሚና ከኋላቸው ተከተለች። ጤፉ እፍኝ እፍኙ አንድ ቦታ ይዘረገፋል፤ ከዚያ ሦስት እርምጃ ባዶ ጭቃ። ጣቶቻቸው አልፈታ ብለዋል። ዝም አለች፤ ሽማግሌ እንዴት ይታረማል? አንድ ጣሳ አለቀ። በሬ አውሷት ያረሰላት ሲራጅ ከድንበሩ ማዶ አየና ፊቱን አዞረ። ሁለተኛው ጣሳ ሲጋመስ አላስቻላትም።

«አባባ፣ ትንሽ ይረፉ።»

ዞረው የመጡበትን አዩ።

«ለምን ዝም አልሽኝ፣ ልጄ?»

«አፍሬ።»

«እኔም አልችልም ማለት አፍሬ ነው የመጣሁት። እጄ ከከዳኝ ዓመት አልፎታል» አሉና ቅሉን ሰጧት። «አንቺ በትኚው።»

ሲራጅ ሴት ጤፍ ስትበትን አይቶ እንደማያውቅ፣ ዝናቡም ደንግጦ ወደመጣበት እንዳይመለስ እንደሚፈራ ከማዶ ቀለደ።

«ዛሬ ያልመጣ ዝናብ ከየት ይመለሳል?» አለችው።

በተነች። እየሳሳችም በተነች። የቀረው አንድ ጣሳ ተኩል ግን ከማሳው እኩሌታ ሳይደርስ ቅሉ ባዶውን ተንኳኳ። ዞር ስትል አባባ አብዱልጀሊል ተንበርክከዋል፤ የተከመረውን ዘር በደረቁ ጣቶቻቸው ከነጭቃው እየዛቁ ባዶው ላይ ያኖራሉ። አጠገባቸው ተንበረከከችና አብራ ትዝቅ ጀመር።

ከላይ ያንዣበበው ደመና ሳይዘንብ ወደ ወልድያ አለፈ። ፀሐይ ወጣች። ገና ያልደረሱበት የጭቃ ፊት ነጣ ነጣ እያለ ነበር።