አባይነህ የሸሸገው ክኒን

ባሌ አባይነህ ልብስ ሰፊ ነበር። ከምኒልክ አደባባይ ብዙም በማትርቅ ጠባብ ሱቅ ውስጥ ሃያ ሁለት ዓመት የስፌት መኪና ሲረግጥ ኖሯል። እሱ የሰፋው ኮት ለማንም ያምራልና፣ የአራዳ ልጆች “አብዮቱ ሳይፈነዳ ጌታና ሎሌን እኩል ያደረገ አባይነህ ነው” እያሉ ይቀልዱ ነበር። ሙያውን ማንም አይወቅሰውም። ግትር መሆኑን ግን ሳልናገር ባልፍ ዋሾ እሆናለሁ።

በ1975 ዓ.ም. ከጥምቀት በኋላ ግራ እግሩ ከቁርጭምጭሚቱ እስከ ጉልበቱ አበጠ። ለአብዮት ጥበቃዎች ካኪ ስፋ ተብሎ ሁለት ሳምንት ከወንበሩ ሳይነሳ ሰንብቶ ነበር። ዶክተር ካላዩ የሚባሉ ረጋ ያሉ ሐኪም፣ እግሩ ውስጥ ደም ረግቷል፣ የረጋው ተነቅሎ ሳንባው ከገባ ይገድለዋል አሉን። ደም የሚያቀጥን ክኒን አዘዙለት፤ በየወሩ ደሙ እየታየ መጠኑ እንደሚስተካከልም ነገሩን። ከዚያ ቀን ጀምሮ እኔ የምለምነው አንድ ነገር ብቻ ሆነ፤ ባሌ እንዳይሞትብኝ።

ክኒኑ ሠራ፣ እብጠቱም ጎደለ። ጣጣው የመጣው ከመርፌው ነው። ልብስ ሰፊ ጣቱን መውጋቱ አይቀርም፤ ድሮ ጣቱን መጥጦ ሥራውን ይቀጥል ነበር። አሁን ግን አንዴ ከተወጋ ደሙ አልቆም እያለ በጨርቅ ጠቅልሎ ይቀመጣል። ከፋሲካ በኋላ የአንድ ሙሽራ ነጭ ኮት ላይ ደሙ ጠብ አለበት። የሙሽራው እናት ደም የነካውን ልብስ ልጄ ለብሶ አይዳርም ብላ ኮቱን ባንኮኒው ላይ ጥላው ወጣች። አባይነህ በሙያው ተዋርዶ አያውቅም ነበር። ያን ቀን እህል ሳይቀምስ ዋለ።

በማግስቱ ራስ መኮንን ድልድይ አጠገብ ወደሚኖሩት መድኃኒት አዋቂ፣ ወደ መሪጌታ ኃይለማርያም ሄደ። ይህን ሁሉ ያወቅሁት በኋላ ነው። እሳቸውም ነጭ ሽንኩርትና ፌጦ፣ ስሙን ያልነገሩትንም ሥር ጨምረው በማር ለውሰው ሰጡት። ጠዋት በባዶ ሆድ አንድ ማንኪያ ይወስዳል፤ ከሌላ መድኃኒት ጋር አይቀላቅልም፤ ለማንም አይናገርም፣ የተነገረ መድኃኒት ይረክሳልና። መሪጌታን ብዙ አልፈርድባቸውም። ያሳያቸው እግሩን እንጂ ክኒኑን አልነበረም። እኔንም ማሩ ለጉንፋን ነው አለኝ።

ሁለት ሳምንት ሳይሞላ ደሙ ቶሎ መቆም ጀመረ። አንድ ቀን ተወግቶ ጣቱን ፊቴ ላይ ከፍ አደረገና፣ “አየሽ? ደሜ ተስተካከለ” አለኝ። እኔ ቂሏም አብሬው ተደሰትሁ። ቶሎ መቆሙ እኮ ደሙ መልሶ መወፈሩ ነበር! ዶክተሩ የፈሩትን ነገር እኛ እልል ልንልበት ምንም አልቀረን።

ሐኪም ቤት የሚሄደው ብቻውን ነበር። ዶክተር ካላዩ ደሙን አይተው ክኒኑን በትክክል ትውጣለህ ወይ ሲሉት አዎን ይላል፤ መድኃኒቱ ሊረክስበት ነዋ። እሳቸውም አንሶት ይሆናል ብለው መጠኑን ጨመሩ። በሚቀጥለው ወርም ያው ጥያቄ፣ ያው መልስ፤ እንደገና ጨመሩ። በቀን ከአንድ ክኒን ተነስቶ ሦስት ደረሰ፤ አንዷም ሆዱ አልገባች። በሽታውን የሸሸገ መድኃኒት አይገኝለትም ይባላል። የኔው ጉድ ደግሞ መድኃኒቱን ራሱን ሸሸገ።

ነሐሴ ላይ እግሩ እንደገና አበጠ። በዚያው ሳምንት ሱቁን ስጠርግ ክኒኖቹን አሮጌ ቁልፍ በሚያጠራቅምበት ቆርቆሮ ውስጥ አገኘኋቸው፤ አንዳቸውም አልተነኩም። ደሜ ፈላ። እንደዚያ ቀን ጮኬ አላውቅም። አንገቱን ደፍቶ ሁሉንም ዘረዘረልኝ፤ ማሩን ወስጄ ቦይ ውስጥ ደፋሁት። ከዚያ የዶክተሩን ወረቀት አምጥቼ የተጻፈውን ያህል ዛሬውኑ ትጀምራለህ አልሁት።

“መጀመሪያ ዶክተሩን እንጠይቃቸው” አለኝ ቀስ ብሎ።

“አሁን ነው ሐኪም ያማረህ?” አልሁት።

በየጠዋቱ ውሃ ይዤ ቆሜበት ሦስቱንም አስዋጥሁት። ምላስህን አንሳ እያልሁ አፉን እስከ ማየት ደረስሁ፤ እሱም እንደ ሕፃን ይታዘዘኝ ነበር። በዘጠነኛው ቀን ድዱ ደማ፤ መፋቂያው ነው አልሁ። በአሥራ አንደኛው ቀን ራሴን አለና የስፌት መኪናው ላይ ተደፋ።

ሐኪም ቤት ሳደርሰው ዶክተር ካላዩ ስንት ይውጥ እንደነበር ጠየቁኝ። ወረቀቱን ከቦርሳዬ አወጣሁ፤ ስሰጣቸው ኩራትም ነበረኝ።

“እርስዎ የጻፉትን ነው። አንድም ቀን አላጎደልሁበትም” አልኋቸው።

እኔ እስክደርስበት ድረስ ወራት ሳይውጥ መክረሙንም ነገርኋቸው። “እኔ ይህን የጻፍሁት ክኒኑን ሲውጥ ለነበረ ሰው ነው” አሉኝ። ካልዋጠ ከአንዷ መጀመር ነበረበት፤ ሦስቱ ደሙን ከልክ በላይ አቅጥነውት ጭንቅላቱ ውስጥ ፈሷል።

አባይነህ አልሞተብኝም። ቀኝ ጎኑ ግን አይታዘዘውም፣ አንደበቱም ተይዟል። ሊጠይቁት የሚመጡ ጎረቤቶች በሩ ላይ ቆመው መሪጌታን ይረግማሉ፤ በቅጠላቸው ሰውን በቁሙ ገደሉ ይላሉ። አባይነህ ከአልጋው ይሰማል፤ ዓይኑን ከኔ አይነቅልም። እኔም እንግዶቹን ግቡ እላለሁ እንጂ አንድም ቀን አላረምኋቸውም።