ለእማዬ ሳል የጠጣሁት ወተት

የፈላ ወተት ቀዝቀዝ ሲል ከላዩ የሚጋረደውን ስልባቦት ባየሁ ቁጥር፣ ይኸው አርባን ልደፍን ጥቂት ቀርቶኝም፣ ጉሮሮዬ ዝግት ይላል። ሌላው ሰው በጣቱ አንስቶ እየላሰ "አቤት ሲጣፍጥ!" ሲል እኔ ፊቴን አዞራለሁ። ባለቤቴ "ቅንጦት ነው" ይለኛል። ምን ቅንጦት አለው! እኔ ገና በስድስት ዓመቴ፣ እዚያ ሰበታ፣ የአንድ ፋብሪካ ሙሉ ክፍል ሠራተኛን ወተት በሆዴ ተሸክሜ ያዳንኩ ሰው ነኝ። ሰው ውለታ ቢያውቅ ኖሮ ጡረታ ይቆረጥልኝ ነበር።

እናቴ ዘነበች የጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካ የፈትል ክፍል ሠራተኛ ነበረች። የዚያን ጊዜ የፋብሪካ ልጅ መሆን ቀላል ነገር እንዳይመስላችሁ። ሰርቪሱ የኛ፣ ክሊኒኩ የኛ፣ የኳስ ቡድኑ የኛ ነበር። እኛ ሕፃናቱ ደግሞ ከክሊኒኩ ጎን የራሳችን መዋያ ነበረን። ግማሹ የማሽን ዘይት ግማሹ ያረረ ወተት የሚሸት፣ ግድግዳው ላይ አንገቱ የተንጋደደ ቀጭኔ የተሳለበት ሰፊ ክፍል ነው። ደወል ሲደወል እናቶቻችን ቅንድባቸው ላይ ጥጥ ተለጥፎ፣ በአንድ ጀንበር በወጣ ሽበት አርጅተው ይወጡና እኛ በሳቅ እንሞታለን። እነሱም ይስቃሉ፤ ከዚያ ያስላሉ።

ወተቱ የመጣው በዚያ ሳል ምክንያት ነው። የፈትል ክፍል ብናኝ ደረት ይይዛል፣ ወተት ደግሞ ጠርጎ ያወርደዋል ተብሎ ስለሚታመን፣ ለክፍሉ ሠራተኛ በየቀኑ አራት ሰዓት ላይ አንድ አንድ ኩባያ ትኩስ ወተት ይታደል ነበር። ከመናገሻ በኩል በትላልቅ ቢዶን ነው የሚመጣው። እናቴ ከሁሉም የባሰች ሳላም ስለነበረች በዚያ ወተት ትምል ነበር። "እሱ ባይኖር እኮ ይኼኔ አፈር በልቶኛል" ትላለች፣ ሰው ሁሉ እየሰማ፣ እኔም እየሰማሁ።

ችግሩ፣ እናት እናት ናትና፣ ሴቶቹ ወተቱን በፔርሙስ ደብቀው ለቤት ልጆቻቸው ይዘው መውጣት አመጡ። ስለዚህ ሕግ ወጣ። ወተት ከፋብሪካው በር አይወጣም፤ ጠጪም እዚያው መዋያው በራፍ ላይ፣ እማማ ብዙነሽ ፊት ቆሞ ይጠጣል። እማማ ብዙነሽ የመዋያው ሞግዚት ናቸው። ለእኛ መድኃኒት ሲሰጡ እንደለመዱት ሁሉ፣ ትልቁንም ሰው "ክፈት አፍህን፣ ወርዷል?" ሳይሉ አያሳልፉም። ባለ ሪዙ መካኒክ አፉን ከፍቶ ምላሱን ሲያወጣ ማየት ከፊልም ይበልጥ ነበር።

የፈትል ክፍል ግማሹ ክርስቲያን ግማሹ ሙስሊም ነው። ሁዳዴ ሲገባ ክርስቲያኑ ወተቱን ለሙስሊም ጓደኛው ይለቃል፤ ረመዳን ሲመጣ ደግሞ ተራው ይገለበጣል። ረቡዕና ዓርብም እንደዚያው። ማንም አልደነገገውም፤ ጉርብትና ነው። የእናቴ ጓደኛ እትዬ ራህማ ነበረች፤ በፋብሪካ የማሽን፣ በሰፈር የአጥር ጎረቤታችን። እናቴ በረመዳን ጉንጯ ይሞላል፣ እትዬ ራህማ በሁዳዴ ቀሚሷ ይጠባታል። "ዘነቡ፣ የአንቺ ጾም እኮ እኔን አወፈረኝ" እያለች ትቀልድ ነበር።

ታዲያ አንድ ዓመት ሁለቱ ጾሞች ገጠሙ። ሁሉም የራሱን ጾም እንጂ የሌላውን የቆጠረ አልነበረም። አራት ሰዓት ላይ ሠራተኛው እንደ ልማዱ መጣ፣ ወተቱም ተንተክትኮ መጣ፣ ከዚያ ሁሉም ቆሞ ተያየ።

"ራህማ፣ ነይ እንጂ ጠጪልኝ" አለች እናቴ።

"ወላሂ እኔ አንቺ ትጠጪልኛለሽ ብዬ! ጾም ይዘን የለ!"

"እኛስ ሁዳዴ አልገባ?"

በሩ ላይ የነበረው ሰው ሁሉ መጀመሪያ ሳቀ፣ ቀጥሎ ደግሞ አንገቱን ወደ አንድ ሰው አዞረ። ኦቦ ገመቹ ጥጥ ተሸካሚ ናቸው፤ በክፍሉ ውስጥ ያሉት ብቸኛው ጴንጤም እሳቸው ነበሩ። እንደ ዘንግ ቀጥ ያሉ፣ ቀጭን፣ ሰው "እባክዎ" ካላቸው እምቢ ማለት የማያውቁ ሰው ናቸው። "ጌታ ይባርክ" ብለው ኩባያውን አነሱ። የራሳቸውን ጠጡ፤ የእናቴን ጠጡ፤ የእትዬ ራህማን ጠጡ። ሰልፉ ግን አላለቀም። ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክሙ ይባል የለ? በሦስተኛው ቀን ኦቦ ገመቹ ሆዳቸውን ይዘው ጥጥ ክምር ላይ ተዘረሩና፣ "ና ገኤ! በቃኝ! እኔ ሰው ነኝ፣ ጥጃ አይደለሁም" አሉ።

በማግስቱ ወተቱ ሳይነካ ወደ ኩሽና ተመለሰ። ይህን ደግሞ ማን ያየዋል? አቶ ደጀኔ ናቸዋ! አቶ ደጀኔ አዲሱ የፐርሶኔል ኃላፊ ናቸው። ጫማቸው ሁልጊዜ የሚያብረቀርቅ፣ መብራት ሲያጠፉና ቧንቧ ሲዘጉ የሚውሉ ሰው ናቸው። "ጠጪ ከሌለው ለምን ይመጣል? እስከ ዓርብ እንዲህ ከተመለሰ እንተወዋለን። ለጊዜው" አሉ። "ለጊዜው" ሲባል የሁሉም ሆድ ባባ። የልብስ ሳሙናውም ለጊዜው ነበር የቀረው፤ እስከ ዛሬ ድረስ ለጊዜው እንደቀረ ነው። እናቴ ያን ቀን ቤት ስትገባ ነጠላዋን እንኳ ሳታወልቅ ቁጭ አለችና፣ "ወተቱ ከቀረ እኔ ከዚያ ብናኝ ውስጥ እስከ መቼ እቆማለሁ?" አለች። ነገሩ ለማን እንደተባለ አላውቅም። እኔ ግን ሰማሁ፣ ፈራሁም።

መላውን ያመጣችው እትዬ ራህማ ናት። "ወተቱ ከበር አይውጣ ነው የተባለው። መዋያው ያለው ከበር ውስጥ አይደል? ልጆቹ ደግሞ ጾም አልደረሰባቸው። ይጠጡልና!" እማማ ብዙነሽ ትንሽ አሰቡና፣ "ዋናው አፍ ከፍተው ማሳየታቸው ነው" ብለው ፈቀዱ።

እንዲህ ሆኖ ዘመቻው ተጀመረ። እናቴ ጉልበቴን ይዛ፣ "ሚሚዬ፣ ለእኔ ብለሽ ጠጪልኝ፤ ለሳሌ" አለችኝ። እኔ ደግሞ ቃሉን እንዳለ ነው የወሰድኩት። እኔ የምጠጣው ወተት በሆነ መንገድ ዞሮ እሷ ደረት ውስጥ የሚገባ መሰለኝ። እንዴት አትበሉኝ፤ ቄስ ለሰው ሲጸልይ ይደርስ የለም? ወተትም እንደዚያው ነው ብዬ ተቀበልኩ።

ጠዋት ጠጣን፣ አራት ሰዓት ላይ ጠጣን፣ ከእንቅልፍ ቀስቅሰው አጠጡን። ስንሮጥ ሆዳችን እንደ ቅል ይንቦጫቦጫል። ፖፖ ለመቀመጥ ወረፋ ሆነ፤ ወረፋ የማይጠብቁም ነበሩ፣ ስማቸውን አልጠራም፣ ዛሬ ቤተሰብ መሥርተዋል። የእትዬ ራህማ ልጅ ከድር ብቻ ለወተት የተፈጠረ ነበር። ኩባያውን አንዴ ገልብጦ፣ ነጭ ሪዙን በእጅጌው ጠርጎ፣ "ጨምሩልኝ!" ይላል። እኔ ግን ያ ስልባቦት ከንፈሬን ሲነካኝ ዓይኔ እንባ ያቀርራል። ከድር ይኼን አይቶ "የሚሚ እናት በደንብ አልተጠጣላትም!" ብሎ ጮኸብኝ። እንዲህ ያለ ስድብ ከዚያ ወዲህም ማንም ሰድቦኝ አያውቅ።

ማታ ማታ እናቴ ጋደም ስትል ጆሮዬን ደረቷ ላይ ለጥፌ አዳምጣለሁ። ውስጡ ያፏጫል። "እማዬ፣ ወተቱ ደረሰልሽ?" እላለሁ።

"መንገድ ላይ ነው ልጄ" ትለኛለች።

በነጋታውም መንገድ ላይ ነው። ይኼ ወተት በእግሩ ነው እንዴ የሚሄደው! ስመረምረው ጥፋቱ ስልባቦቱ ላይ ሆኖ ታየኝ፤ እኔ እየገፋሁ የምተወው እሱን ነዋ። የመድኃኒቱ ጉልበት እዚያ ላይ ቢሆንስ? ዓርብ ጠዋት መዋያ ስገባ ቆርጬ ነበር፦ ዛሬ ስልባቦቱንም እውጣለሁ።

አቶ ደጀኔም ያን ቀን ቆርጠው ነበር የመጡት። ወተቱ መመለሱን ሲያቆም አንድ ቦታ ይደፋል ብለው ጠርጥረዋል። በአራት ሰዓቱ ዕረፍት እናቶች ሁሉ በራፉ ላይ ቆመው ሳለ ገቡና ኩባያ ኩባያውን እያዩ አለፉ። የቆሙት እኔ ፊት ነው። እኔ ደግሞ ስልባቦቱን አፌ ውስጥ አስገብቼ መዋጥም መትፋትም አቅቶኝ፣ ዓይኔ ፈጦ፣ ጉንጬ ተነፍቶ ቀርቻለሁ።

ጎንበስ አሉ። "አንቺ፣ ይኼ የማን ወተት ነው?"

ለትልቅ ሰው ሳይመልሱ ዝም ማለት ነውር ነው ተብዬ አድጌያለሁ። "የእማዬ ሳል ነው" ልል አፌን ስከፍት ስልባቦቱ ጉሮሮዬ ላይ ተለጠፈና ሳሌ መጣ። ሳል ብቻ መሰላችሁ? ከነወተቱ፣ ከነስልባቦቱ፣ ፊታቸው ላይ ነው የፈነዳው። ዝም ባለ አፍ ዝንብ አይገባም ይባላል፤ የአቶ ደጀኔ አፍ ግን "የማን?" ብሎ ለመድገም ተከፍቶ ነበር። ደነገጡና ዋጡት።

አቶ ደጀኔ ሰውን ሁሉ እንደሚያስቆጥቡት ራሳቸውም ከባድ ጿሚ ናቸው፤ በሁዳዴ ዘጠኝ ሰዓት ሳይሞላ እህል የማይቀምሱ። ያንን ሁሉም ያውቃል። እናቴ አፏን በነጠላዋ ይዛለች። እማማ ብዙነሽ ግን ልማድ ክፉ ነውና ጠጋ አሉ፣ አገጫቸውን ያዙ፣ "እስቲ አፍዎን ይክፈቱ" አሉ። አቶ ደጀኔም በድንጋጤ ከፈቱ።

"ወርዷል" አሉ እማማ ብዙነሽ።

"አልሐምዱሊላህ፣ ጠጪ ተገኘ!" ብላ እትዬ ራህማ ስትጮህ፣ የሰው ሳቅ የማሽኑን ድምፅ ዋጠው። ኦቦ ገመቹ ሳይቀሩ ሆዳቸውን ይዘው ሳቁ፤ ሆዳቸው ገና ያማቸው ነበር። አቶ ደጀኔ "በስመ አብ" እያሉ፣ ከንፈራቸውን በመሐረብ እየፈተጉ ወጡ። እናቴ ግን ብዙም አልሳቀችም፤ አቅፋ አነሳችኝና ልቧ ሲመታ ተሰማኝ። ወተቱ አበቃለት ብላ ነበር።

ቅዳሜ ጠዋት ግን ቢዶኑ መጣ። ሰኞም መጣ። አቶ ደጀኔ ወደ ነፍስ አባታቸው ሄደው ነበር አሉ። ቄሱም፣ "ከሕፃን አፍ ልታስቀር ሄደህ ካፍህ ከገባ ጥፋቱ የወተቱ አይደለም፤ ስገድ፣ ወተቱንም ተውላቸው" አሏቸው ተባለ። ንስሐን ማን ሰማ ብትሉኝ እንጃ፤ ሰበታ ውስጥ የማይሰማ ነገር የለም። ብቻ ከዚያ በኋላ ወተቱን ላስቀር የሚል አልተገኘም፤ እሳቸውም በመዋያው በኩል ሲያልፉ አፋቸውን በእጃቸው ሸፈን ያደርጉ ነበር። ዒድ ሲደርስ እነ እትዬ ራህማ ተረከቡንና እኛም ከሸክሙ ወረድን። ኦቦ ገመቹ ግን ላም ሲያዩ መንገድ ይቀይራሉ እየተባለ ይወራ ነበር።

ዛሬ እኔ ራሴ ሱሉልታ አንድ ፋብሪካ ውስጥ የሰው ኃይል አስተዳደር ነው የምሠራው፤ የአቶ ደጀኔ ወንበር ማለት ነው፣ አይ ጊዜ! እኛ ጋም ብናኝ ያለበት ክፍል ወተት ይታደላል። ዛሬ ግን በካርቶን እሽግ ነው፤ ስልባቦት የለውም፣ አፍ ክፈት የሚልም የለም። ከቅርብ ዓመታት ወዲህ ሁለቱ ጾሞች እንደገና መግጠም ጀምረዋል። ዘንድሮ እሽጉ መጋዘን ውስጥ ሲከመር አንድ ወጣት ባልደረባችን መጥቶ፣ "ለጊዜው ይቁም እንዴ?" አለኝ። መልስ ከመስጠቴ በፊት እጄ ራሱ ሄዶ አፌን ሸፈነው። ልጁ ያመመኝ መስሎት ደነገጠ። "ይምጣ፣ ይታደልም" አልኩት። ሴቶቹ ማታ እሽጉን በቦርሳቸው ይዘው ሲወጡ እኔ ሰማዩን አያለሁ። መዋያ ግን የለንም። በየስብሰባው አነሳዋለሁ፤ "ለጊዜው" ይሉኛል።

እናቴ አርጅታለች፣ ጡረታ ከወጣች ቆየች። ብናኙ ግን አብሯት ጡረታ አልወጣም። ከፋሲካ በኋላ ሰበታ ሄጄ ትኩስ ወተት አፈላሁላት። ኩባያውን ተቀብላ አንዴ ፉት አለችና መልሳ ሰጠችኝ።

"አልወርድልሽ አለኝ ሚሚዬ። አንቺ ጠጪልኝ።"

ስልባቦቱ ከላዩ ተጋርዷል። ጨለጥኩት፣ እሱንም ጭምር። ከዚያ እንደ ልጅነቴ ጆሮዬን ደረቷ ላይ ለጠፍኩ። አሁንም ያፏጫል። "እማዬ፣ ደረሰልሽ?" አልኳት።

ራሴን ዳሰሰችና፣ "አሁን ደረሰ" አለችኝ።