እትዬ ሐዋ ያልፈረሙት ወረቀት

ወይዘሮ ሐዋ ይማም ባለፈው ሐሙስ ረፋድ ላይ ሐይቅ ከተማ በሚገኘው ቤታቸው ወደ አኼራ ሄደዋል። ለሞት ያበቃቸው ለዓመታት ሲያሠቃያቸው የቆየው የኩላሊት ሕመም ነው። ይህን ለሚያውቋቸው ሁሉ የምጽፈው ተማሪያቸው የነበርኩት እንድሪስ ነኝ።

እትዬ ሐዋ ዐረብ አገር የሄዱት ለጽዳት ሥራ ነበር። በሚያጸዱት መሥሪያ ቤት ውስጥ የቢዝነስ ተንታኞችን፣ ማለትም ሥራ የት ላይ እንደሚሰናከል አጥንተው መላ የሚያመላክቱ ባለሙያዎችን አይተው ሙያውን ተመኙት። እየሠሩ ተማሩ፤ የሙያ ማረጋገጫውን ፈተና ሁለት ጊዜ ወድቀው በሦስተኛው አለፉ። አገራቸው ሲመለሱ እኔ በምሠራበት የዓሣ አስጋሪዎች ማኅበር ተቀጠሩ።

ኃላፊያችን ዓሣው የሚበላሸው ኮምፒውተር ስለሌለን ነው ይል ነበር። እትዬ ሐዋ ግን በየማለዳው ሐይቁ ዳር ወርደው፣ ድንጋይ ላይ ተቀምጠው አስጋሪዎቹን ይጠይቃሉ። «ከመረብ ከወጣ በኋላ ማን ይቀበለዋል? ስንት ሰዓት ይቆያል?» ዓሣው የሚሸተው ወደ ገበያ የመውጫ ወረቀቱ እስኪፈረም ፀሐይ ላይ ስለሚሰጣ ነበር። ፈራሚው ደግሞ ራሱ ኃላፊው ነው፤ ከቁርስ የሚመለሰው አርፍዶ ነው።

በስብሰባ ላይ «ኮምፒውተሩ ይቆየን፤ መጀመሪያ ፊርማውን ወደ ሐይቁ ዳር እናውርደው» አሉ። ወረደ፤ ሽታውም ቀረ። ኃላፊው ግን ይህን ይቅር አላላቸውም።

ቆይቶ ማኅበሩ የተመሰከረላቸው ተንታኞች ካሉት አንድ ትልቅ ፕሮጀክት እንደሚያገኝ ተሰማ። ለፈተናው ለመቀመጥ የዓመታት የሥራ ልምድ ያስፈልጋል፤ ይህንንም የሙያው ሰው ፈርሞ መመስከር አለበት። ኃላፊው የራሱንና የአራታችንን ቅጽ ይዞ መጣ። የተሞላው ልምድ ሁሉ ውሸት ነበር። የእኔም ጭምር።

እትዬ ሐዋ አንብበው መለሱለት። «አልፈርምም።»

እኔ ተናድጄ ተከትያቸው ወጣሁ። «እንጀራዬን ነው የዘጉብኝ!» አልኳቸው።

«ያልሠራኸውን ሠርቷል ብዬ ልመስክር? ነገ አስጋሪው አምኖህ ሲከስር ማነው የሚጠየቀው? ሥራውን ሥራ፣ ወላሂ ያኔ በደስታ እፈርምልሃለሁ።»

በሳምንቱ እሳቸውን ወደ መጋዘን አዛወሯቸው። እኔም ቃላቸው ከንክኖኝ ቅጼን አነሣሁ። ኃላፊውና ሦስቱ ባልደረቦቼ ግን የምስክር ወረቀቱን አገኙ፤ ማን እንደፈረመላቸው የጠየቀ የለም። ግድግዳ ላይ በመስታወት ሰቅለውት ሳየው ያስጠላኝ ነበር። ይበልጥ ያስጠላኝ ግን አንድ ጊዜ እንደዚያ ባለ የውሸት ቅጽ ላይ የእኔም ስም መኖሩ ነበር።

እሳቸው አልተቀየሙኝም። ለሕክምና ደሴ ሲመላለሱ አብሬያቸው እሄድ ነበር፤ ሚኒባስ ውስጥ ፊታቸው አብጦ፣ ትንፋሽ እያጠራቸው፣ ያስጠኑኛል። ስሳሳት «እስቲ አስጋሪውን እንደገና ጠይቀው» ይሉኛል። ዓመታት ሠርቼ ልምዴ ሲሞላ፣ እንዳሉት ፈረሙልኝ። አንዴ ወድቄ በሁለተኛው አለፍኩ። ስነግራቸው «አልሐምዱሊላህ! በል አሁን መማር ጀምር» ብለው ሳቁ።

በለቅሶው ላይ ኃላፊው ተነሥቶ ተናገረ። መሐረብ ዐይኑ ላይ አድርጎ «የእኔን የሙያ ልምድ በገዛ እጃቸው የመሰከሩልኝ እኅቴ ናቸው» አለ። ድንኳኑ ሙሉ ሰው «አላህ ይዘንላቸው» አለ። መጋዘን የወረወራቸው ሰው፣ አንደበታቸው ከተዘጋ በኋላ ስማቸውን በውሸቱ ላይ ማኅተም አደረገው። እኔም እዚያው ተቀምጬ ዝም አልኩ።

እትዬ ሐዋ፣ በሕይወት ሳሉ እምቢ ያሉትን፣ ከሞቱ በኋላ ፈረሙ ሲሉዎት እየሰማሁ አፌን ባለመክፈቴ አፉ ይበሉኝ። እነሆ፣ አሁን ስሜን ጽፌ እመሰክራለሁ፤ አልፈረሙም። አላህ ቀብርዎን ኑር ያድርግልዎ። በሰላም ይረፉ፣ መምህሬ።