ጌሾ ያስተከለው ማኅበር

መቀሌ እንደመጣሁ ሓድነት ውስጥ አንድ ክፍል ተከራየሁ። ሥራዬ ገበሬዎች በማሳቸው ዳርና ዳር ዛፍ እንዲተክሉ መምከር ነበር። እግዜር ሲለው አከራዬም ገበሬ ሆነው ተገኙ፤ ከከተማው ጫፍ የማሽላና የጤፍ መሬት ነበራቸው። በአካባቢው የሚከበሩ ሰው ስለሆኑ፣ እሳቸው ከተከሉ ጎረቤቱ ሁሉ እንደሚከተል አውቃለሁ። ስለዚህ ዓይኔን ጣልኩባቸው።

ስለ አፈሩ፣ ስለ ጥላው፣ ስለ ነፋሱ ያልነገርኳቸው የለም። ውሃ ቢወቅጡት እንቦጭ!

«ወደይ፣» ይሉኛል እንደ ልጃቸው፣ «ዛፍ ወፍ ይጠራል፤ ወፍ ማሽላዬን ይጨርሳል። የምታወራው ጥቅም ደግሞ ላም አለኝ በሰማይ ነው።»

አደይ የምላቸው ባለቤታቸውም በማሳው ድንበር ጌሾ እንዲተከልላቸው ይለምኑ ነበር። አከራዬ ግን «ጌሾ ገበያ ሞልቶ የለ!» ይሉና ነገሩን ይዘጉታል።

የማርያም ማኅበር ተራ ለቤታችን ደረሰ። አደይ ስዋ ጠመቁ፤ እኛ አገር ጠላ የምንለውን ነው። ከገበያ የገዙት ጌሾ ግን የከረመ ኖሮ ስዋው ምሬትም ጉልበትም አጣ። ማኅበርተኞቹ አንዴ ጎንጨት እያሉ ዋንጫቸውን አስቀመጡ። አንድ ተረበኛ ሽማግሌ የዋንጫውን ውስጥ ትኩር ብለው አዩና፣ «ደሓን፣ ውሃው ግን ንጹሕ ነው» አሉ።

ቤቱ በሳቅ ፈረሰ። አከራዬም ሳቁ፣ በጥርሳቸው ብቻ። አደይ እንስራው አጠገብ አንገታቸውን ደፉ፤ እንዴት እንደደከሙበት አይቻለሁና አንጀቴን በሉት።

በማግስቱ ፊቴን ሳልታጠብ አከራዬ የክፍሌ በር ላይ ቆመዋል።

«ችግኝ ጣቢያችሁ ጌሾ አለ?»

«አለ፣ አቦይ።»

«ታድያ ምን ቆመሃል?»

ተተከለ። ችግሩ የመጣው ከአጨዳ በኋላ ነው። በአገሩ ልማድ እህል ከተነሣ ማሳ የሁሉም ከብት ነው፤ ገለባው ላይ ማንም ይለቃል። እሳቸው ግን ድንበሩን በእሾህ አጠሩ፤ የገዛ አማቻቸውን ፍየሎች ሳይቀር እየተሳደቡ አባረሩ። አማችየው ለጥቂት ጊዜ አኮረፈ።

ከብት የማይረግጠው አጥር ሥር፣ ስሰብክለት የኖርኩት፣ ሞሞና የሚሉት የግራር ዓይነት ዛፍ ማንም ሳይተክለው በቀለ። ይነቅሉታል ብዬ ስጠብቅ በሬዎቻቸውን በዙሪያው አዙረው አረሱ። «ለጌሾው ጥላ ይሁነው» አሉ። ደስታዬን መደበቅ አቃተኝ።

ጎረቤቶችም የየራሳቸው የማኅበር ተራ እየቀረበ ነበርና አንድ በአንድ ለችግኝ ወደ እኔ መጡ። አለቃዬ ምክሬ እንደሠራ ቆጥሮ አመሰገነኝ።

ማኅበሩ ዞሮ እኛ ቤት ሲመለስ ስዋው በገበያ ሳይሆን በድንበራቸው ጌሾ ተጠመቀ። ተረበኛው ሽማግሌ ዋንጫቸውን ጨልጠው ለድጋሚ ዘረጉ። አደይ ሲቀዱላቸው ፊታቸው በራ። አከራዬም ዋንጫቸውን ይዘው አጠገቤ ተቀመጡና እንደ መቆጣት ብለው፣

«ወደይ፣ ዛፍ ዛፍ ስትለኝ የኖርከው ይሄን ከሆነ ምነው ፊት አልነገርከኝም!» አሉኝ።